ሁሉን አቀፍ ዲዛይን ምንድን ነው?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ፣ ከአንድ የስልክ ሱቅ ፊት ቆመናል። ማየት የተሳነው የአክስቴ ልጅ ባለቁልፍ ስልክ ተቀብሎ አውራ ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ አንሸራተተ፤ 5 ቁጥር ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ቁልፍ ላይ ጉብ ያለች ነጥብ አለች። እሷን ካገኘ ሌሎቹን ቁጥሮች ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም። ስልኩ ለዓይነ ስውራን ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ማንም የሚይዘው ዓይነት ነው። ሁሉን አቀፍ ዲዛይን ይኸው ነው፦ ሁሉም ሰው የሚገዛውን ተራ ዕቃ፣ ገና ሲታሰብ ጀምሮ አካል ጉዳተኛውም እንዲጠቀምበት አድርጎ መሥራት።

ስሙን ያስተዋወቀው አሜሪካዊው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ ነው፤ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀስ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ይህን ዲዛይን በስም ይጠቅሰዋል።

ቀድሞ ማየት የተሳነው ሰው ስልኩ እንዲያነብለት ከፈለገ የሚናገር ፕሮግራም ለብቻው መግዛት ነበረበት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ቮይስኦቨርን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከአይፎን ጋር አብሮ አወጣ፤ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ቶክባክ አለ። ጣት ያረፈበትን ሁሉ በድምፅ ይናገራሉ።

ታዲያ ስልኩ ቢናገርም መተግበሪያው ዲዳ ከሆነ ምን ይጠቅማል? የአክስቴ ልጅ ገንዘብ ሊልክ አንድ መተግበሪያ ከፍቶ ጣቱን ባሳረፈ ቁጥር የሰማው «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» የሚል ብቻ ነው። የትኛው «ላክ»፣ የትኛው «ሰርዝ» እንደሆነ የሚነግረው የለም። ሠሪዎቹ የቁልፉን ሥዕል አስቀምጠው ስሙን ኮዱ ውስጥ ሳይጽፉ ቀርተዋል። የጎደለው አንድ ቃል ነው። በዚያ አንድ ቃል የተነሳ የምስጢር ቁጥሩን ለሱቅ ልጅ ነግሮ ለማስላክ ተገደደ። ይህን ቸልተኝነት እንደ ትንሽ ጥፋት ማየት አልችልም።

ነገሩ ለሌላውም ይተርፋል። ዓይኑ ለደከመ ሰው ተብሎ ደመቅ ያለ ጽሑፍ ቢመረጥ፣ በቀትር የድሬ ፀሐይ ከዚራ ሰፈር ቆሞ ስልኩን በመዳፉ የሚጋርደው የባጃጅ ነጂም ያነበዋል። መስማት ለተሳነው የሚያስፈልገው ንዝረትም በገበያ ጫጫታ ውስጥ ላለ ነጋዴ ይጠቅማል።

መተግበሪያ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ቶክባክን ከፍታችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ 50 ብር ለመላክ ሞክሩ። ከዚያ ማየት የተሳነው ሰው ጋብዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ የት ላይ እንደሚቆም ልብ በሉ፤ የሚነግራችሁንም ጻፉ።