«ደስ ይበላችሁ» የተባለው ለብዙዎች ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

አዲስ አበባ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የጀመርነው የጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ በ23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ እንሰበሰባለን። ድሮ ሁላችንም የአንድ ሰፈር ሰዎች ነበርን። ጽዋውን ለባለ ተራው ስናደርስ አንድ መዝሙር ሳያልቅ በሩ ላይ እንደርስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ግን ተበታተንን። ገሚሱ ከከተማው ዳር አራብሳ ገባ፣ ገሚሱ ገላን። ሁለት ሦስታችን እዚሁ አራት ኪሎ አካባቢ ቀረን። ማኅበሩን ግን ማንም ልተው አላለም። አሁን አንዲት እናታችን ቤት እንገናኛለን፤ ባለ ተራው ደግሶ ይዞ ይመጣል።

አንድ ቀን ተራው የአንዲት እህታችን ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅናት። አባም ሌላ ቦታ ቀጠሮ ነበራቸው። ዳቦውን ታቅፋ ስትገባ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ካልቻልሽ ለምን አትተዪውም?» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ነጠላዋን አስተካክላ ዳቦውን አስቀመጠች፣ ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። እሷም ትመጣለች፣ እኔም እመጣለሁ። ሰላምታችን በአንገት ብቻ ሆነ። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጸሎቱም ይደርሳል። ጨዋታው ግን ጠፋ። የተቀያየምነው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ ዝም ያለው ግን ቤቱ ሙሉ ነው።

በዚያ ሰሞን ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈውን መልእክት አነብ ነበር። ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ቃል አለበት፦ «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ፤ ደግሜ እላለሁ፥ ደስ ይበላችሁ።» ምዕራፍ 4 ቁጥር 4 ነው። ቃሉን ስንት ጊዜ ለብቻዬ ይዤው ጸልያለሁ! ያን ቀን ግን አንድ ነገር ገባኝ። ደስ ይበልህ አይልም። ደስ ይበልሽም አይልም። ደስ ይበላችሁ ነው የሚለው። ይህን ትእዛዝ ጥግ ይዤ ብቻዬን ልፈጽመው አልችልም።

ደግሞ እስኪ ሁለት ቁጥር ከፍ ብላችሁ አንብቡ። ሐዋርያው ሁለት ሴቶችን በስም ይጠራል። «በአንድ አሳብ በጌታ እንዲስማሙ ኤዎድያንን እመክራለሁ ሲንጤኪንንም እመክራለሁ» ይላል። «እመክራለሁ» የሚለውን ለእያንዳንዷ ለየብቻ ነው የደገመው። ማን እንደበደለች አይነግረንም። በምን እንደተጣሉም አይነግረንም። ሁለቱም ከእርሱ ጋር በወንጌል የተጋደሉ ናቸው፤ ይህን ይመሰክርላቸዋል። ቅዱስ ሥራ እየሠሩ መኳረፍ አለ ማለት ነው። በመካከላቸው ያለውን የሥራ ባልደረባውንም እንዲያግዛቸው ይለምነዋል። ሰው ሲጣላ ዳር ቆሞ ማየት የለም። «ደስ ይበላችሁ» የሚለው ከዚህ ቀጥሎ ነው የመጣው።

ይህን ሲጽፍ ጳውሎስ እስር ላይ ነበር። የፊልጵስዩስ ሰዎች ደግሞ የእርሱን እስር ያውቁታል። በእነርሱው ከተማ በበትር ተመቶ፣ እግሩ በግንድ ተጠርቆ፣ በመንፈቀ ሌሊት ከሲላስ ጋር ሲዘምር እስረኞቹ ያዳምጡ ነበር። የወህኒው ጠባቂ በዚያች ሌሊት ከቤተ ሰዎቹ ጋር ተጠመቀ። ሰንሰለት የዚህን ሰው ደስታ አልወሰደበትም። የመንፈስ ልጆቹ አለመስማማት ግን አጎደለበት፤ «ደስታዬን ፈጽሙልኝ፤ በአንድ አሳብ ተስማሙ» የሚለው ለዚህ ነው። ይህችን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

በቅዳሴም በየሳምንቱ ይህንኑ እንሰማለን። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ይላል፤ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለት ነው። እኛም ወደ ቀኝ ወደ ግራ ዞረን ራሳችንን ዝቅ እናደርጋለን። እኔ ለማላውቀው ሰው እጅ ስነሳ፣ የማውቃት እህቴ ከሁለት ረድፍ በኋላ ቆማ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ብዙም አላወሩኝ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለውን የጌታን ቃል አስታወሱኝና «እንግዲህ ሂጂ» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አራብሳ ሄድኩ። መገናኛ ላይ ሰልፉ አያንቀሳቅስም። ሦስት ታክሲ ቀያየርኩ። በእጄ አንድ ኪሎ ብርቱካን ብቻ ነው የያዝኩት፤ እሱም ከብዶኝ እጄን ቀያየርኩ። እሷ በዚህ መንገድ ድፎ ዳቦና በጀሪካን ጠላ ይዛ ነበር የመጣችው። በዚያ ሁሉ ወር «እንዴት ነው የምትመጪው?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። «ባልንጀራው ከራሱ ይልቅ እንዲሻል በትሕትና ይቍጠር» የሚለውን ቃል ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የተረዳሁት፤ ስንት ጊዜ ግን አስተምሬበታለሁ!

በሩን ከፍታ ስታየኝ ደነገጠች። «ሰው ሞተ እንዴ?» አለች። «አይ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው» አልኳት። እንባዋ መጣ፣ የእኔም ቀደመ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን። ቡና ካልጠጣሽ አትሄጂም ብላ ሦስተኛው እስኪወርድ አስቀመጠችኝ። ከቤት ከወጣች በኋላ ያጣችውን ጎረቤት፣ የልጆቿን ትምህርት ቤት፣ ስንቱን አወራችኝ። ይህን ሁሉ ይዛ ነው ለካ በየ23ቱ ስትመጣ የነበረው።

በሚቀጥለው 23 አሁንም ዘገየች። አባ ሰዓታቸውን አዩ። «አባ፣ ትንሽ እንጠብቃት፣ መገናኛ ደርሳለች» አልኳቸው። እሺ ብለው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ስትገባ ገና «ታክሲው…» ማለት ስትጀምር፣ እናታችን ከወንበራቸው ሆነው እልል አሉ። እኛም ተቀበልናቸው። ዳቦው እስካሁን አልተቆረሰም ነበር።