ከሰል አፈር ያድናል? ስለ ባዮቻር የሚባለውና እውነታው

ባዮቻር የምንለው ገለባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የቡና ገለፈት ወይም የተገረዘ ቅርንጫፍ አየር እንደልብ ሳያገኝ ሲከስል የሚቀረውን ጥቁር ነገር ነው። ከሰል ነው፤ ግን የሚሠራው ለምድጃ ሳይሆን ለማሳ ነው። ስለሱ ብዙ ይወራል። ግማሹ ማጋነን፣ ግማሹ ማጣጣል።

«ያው ገለባ ማቃጠል አይደል?»

አይደለም። እሳቱ አየር እንደልቡ ካገኘ ካርቦኑ ከጋዙ ጋር ይሄድና አመድ ይቀራል። አመድ ፖታሽየምና ካልሲየም ስላለው አይናቅም። ውሃ የሚይዝ ጥቃቅን ቀዳዳ ግን የለውም። ባዮቻር ብዙ ጊዜ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይሠራል። የተክሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዳሉ ይቀራሉ። አፉ በሰፋ ጉድጓድ የሚሠራ ሰው ዘዴው ቀላል ነው፦ ደረቅ ተረፈ ምርት በስሱ እየደረበ ነበልባሉ ከላይ እንዲቆይ ያደርጋል፣ ላዩ አመድ መልበስ ሲጀምር ይደርባል፣ መጨረሻ ላይ በውሃ ያጠፋዋል። እርጥብ ነገር ከከተተ ትርፉ ጭስ ነው።

«ባዮቻር ማዳበሪያ ነው»

ብዙ ሰው ሞክሮ የሚያኮርፈው እዚህ ላይ ነው። ትኩሱን ከሰል ማሳው ላይ ይበትናል፣ ሰብሉ ቢጫ ይሆንበታል፣ «ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል። ከሰሉ ግን የሚበላ ነገር አልያዘም፤ ባዶ ጎተራ ነው። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ አፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ወደ ራሱ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ጎተራው ማሳ ከመግባቱ በፊት ይሞላ፦ ከኮምፖስት፣ ከፍግ ወይም ከከብት ሽንት ጋር ተቀላቅሎ በእርጥበት ለጥቂት ሳምንታት ይቆይ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ማሳውን በሙሉ ከማጥቆር ትንሿን ከፍግ ጋር ሥሩ አጠገብ መቅበር ይሻላል። (ከፍግ ራሱ የተሠራ ባዮቻር የተወሰነ ማዕድን ይዞ ይመጣል። ከእንጨት የተሠራው ግን ያን ያህል የለውም።)

«ለሁሉም አፈር ይሆናል»

አብዛኛው ባዮቻር አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው። አሲዳማ፣ አሸዋማና የተጎሳቆለ አፈር ይጠቀምበታል። ቀድሞውኑ አልካላይን የሆነ መሬት ላይ ግን ተክሉ ብረትና ዚንክ እንዳያገኝ ሊያደርግ ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ጥናት በሐሩር አካባቢዎች ምርት በአማካይ 25 በመቶ ገደማ እንደጨመረ፣ መካከለኛ የአየር ንብረት ባላቸው አካባቢዎች ግን በአማካይ ጭማሪ እንዳልታየ አሳይቷል። ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው አፈሩ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ ፒኤች፣ ማለትም አፈሩ ምን ያህል አሲዳማ ወይም አልካላይን እንደሆነ ይለካ።

«የዘመኑ ወሬ ነው»

የአማዞን ጥቁር አፈር፣ «ቴራ ፕሬታ» የሚሉት፣ አውሮፓውያን ከመድረሳቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በነዋሪዎቹ እጅ የተፈጠረ ነው። ዛሬም ለም ነው። ልብ በሉ፣ ከሰል ብቻ አልነበረም፤ አጥንት፣ የምግብ ትራፊና ሌላም ቆሻሻ ተቀላቅሎበታል። ጎተራው ሞልቶ ነበር ማለት ነው።

«ተረፈ ምርት ሁሉ ይክሰል»

ከብት የሚበላው ለከብት ይሁን። መሬቱን ከፀሐይና ከጎርፍ የሚሸፍነውም እዚያው ይቅር። የሚከስለው ከዚያ የተረፈው ነው። ቀለም የተቀባ እንጨትና ፕላስቲክ በፍጹም አይግቡበት። ሲበተን ደግሞ ረጠብ ይበል፤ ደረቁ ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ነው።