ስለ ጃፓን ክፍለ ሀገር የእደ ጥበብ ሙዚየሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጃፓን ልሄድ ነው የሚል ሰው ዕቅዱን ሲያሳየኝ ብዙውን ጊዜ ቶኪዮና ኪዮቶ ላይ ያበቃል። ክፍለ ሀገሩን ለምን ተውከው ስለው የሚሰጠኝ ምክንያት ደግሞ አብዛኛው ስህተት ነው። እስቲ እንያቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ምርጡ ዕቃ ተሰብስቦ ቶኪዮ ነው ያለው»

ብሔራዊው የእደ ጥበብ ሙዚየም ራሱ በ2020 ቶኪዮን ለቆ ካናዛዋ ገብቷል! ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ዕቃውን በተሠራበት ቦታ ማየት ነው። ኪዩሹ ደሴት ላይ ያለችውን አሪታን ውሰዱ። የኪዩሹ ሴራሚክ ሙዚየም እዚያ ነው። የ400 ዓመት የፖርሴሊን (ከተፈጨ ድንጋይ የሚሠራ ነጭ ሸክላ) ታሪክ ታያላችሁ፤ ከዚያ ወደ አሮጌው ከተማ ስትዘልቁ ድንጋዩ የተፈለጠበት የኢዙሚያማ ኮረብታ ተቦርቡሮ ይታያል፣ መንገዱ ዳር ያሉት አጥሮች ካረጁ የሸክላ መተኮሻ ምድጃዎች በወጣ ጡብ የተሠሩ ናቸው፣ የቶዛን መቅደስ በር እንኳ ፖርሴሊን ነው። ይሄን ቶኪዮ ውስጥ አታገኙትም።

«የሚያሳዩት ንጹህ የጃፓን ነገር ብቻ ነው»

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ኮሪያን ሲወር ጦሩ ብዙ ሸክላ ሠሪዎችን ወደ ጃፓን ወሰደ። አሪታ ላይ ፖርሴሊን የጀመሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ቀድሞ ስሙ የሚነሳው ዪ ሳም ፕዮንግ ነው፤ ከመቅደሱ በላይ ሐውልት ቆሞለታል፣ ሳታዩት አትመለሱ። ኩራሺኪ ከተማ ያለው ኦሃራ ሙዚየም ደግሞ በ1930 የተከፈተው የአውሮፓን ሥዕል ለማሳየት ነው። የታዋቂው የድሮ ሠዓሊ የኤል ግሬኮ ሥዕልም እዚያ አለ።

«እደ ጥበብ ከሥዕል ያንሳል»

አያንስም። ያናጊ ሶኤትሱ የሚባል አሳቢ፣ ስማቸው የማይታወቅ ባለሙያዎች ለዕለት ኑሮ የሠሩት ሳህንና ጨርቅ የራሱ ትልቅ ውበት አለው ብሎ ተከራከረ፤ በ1936ም ቶኪዮ ውስጥ ሙዚየም ከፈተ። ሐሳቡ ክፍለ ሀገር ገባ። ኩራሺኪ በ1948፣ ቶቶሪ በ1949 የየራሳቸውን ከፈቱ። የኩራሺኪው ያለው በድሮ የሩዝ ጎተራዎች ውስጥ ነው፣ ቤቱ ራሱ ያስደስታል። ማሺኮ ከሄዳችሁ ደግሞ የታዋቂው ሸክላ ሠሪ የሃማዳ ሾጂ ግቢ ሙዚየም ሆኗል፤ ምድጃው ሳይቀር ይታያል።

«በተመቸኝ ቀን እሄዳለሁ»

ተጠንቀቁ። አብዛኞቹ ሰኞ ዝግ ናቸው። ሰኞ በዓል ከዋለ ደግሞ ክፍት ሆነው ማክሰኞ ይዘጋሉ። ኤግዚቢሽን ሲቀይሩም ለቀናት ይዘጋሉ። መግቢያው ብዙ ጊዜ ከመዝጊያው ሰዓት 30 ደቂቃ ቀድሞ ያበቃል፣ የገጠር አውቶቡስ ደግሞ ካመለጣችሁ ቶሎ አይመጣም። ሺማኔ ያለው፣ በአትክልት ቦታው የታወቀው አዳቺ ሙዚየም ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

«ፎቶው ላይ ያየሁት ዕቃ ይጠብቀኛል»

ላይጠብቅ ይችላል። ጨርቅ፣ ወረቀትና ላከር (ከዛፍ ፈሳሽ የሚሠራ የሚያብረቀርቅ ቅብ) የተቀባ እንጨት ብርሃን ይጎዳቸዋል፣ ስለዚህ እየተፈራረቁ ነው የሚወጡት። ለአንድ ዕቃ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ የወቅቱን ዝርዝር አስቀድማችሁ እዩ።

«ውድ ነው»

የአሪታው ሙዚየም ቋሚ ኤግዚቢሽን በነፃ ነው።

«ጃፓንኛ ካልቻልኩ ምንም አይገባኝም»

ትልልቆቹ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፣ ትንንሾቹ ላይ ሊጎድል ይችላል። የስልክ ካሜራ ይተረጉማል፣ ግን ፎቶ የሚከለክሉ ብዙ ስለሆኑ ስልኩን ከማውጣታችሁ በፊት ሠራተኞቹን ጠይቁ።