ዶት 5 ከዶት 4 ይበልጣል?
ዶት (DOT) የፍሬን ዘይት ደረጃ መለያ ነው። ዘይቱ ሲቀየር ብዙዎች «ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ዶት 5 ልሙላ?» ይላሉ። እባካችሁ፣ አይሆንም! ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከዶት 3 እና 4 ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ግን ሲሊኮን አይደለም፤ የነዶት 4 ወገን ነው።

ዋናው ነገር ዘይቱ የሚፈላበት ሙቀት ነው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ 230 ይችላል። ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት የጠጣ ዶት 3 በ140 ገደማ ሊፈላ ይችላል። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ፍሬን ላይ ብቻ ተንጠልጥላችሁ ዘይቱ ከፈላ፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ያኔ አዲስ የፍሬን ሸራም አያድንም። በከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ውረዱ።

የትኛው ዶት እንደሚሞላ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። መቀየሪያ ጊዜው እንደ መኪናው ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ 2 ዓመት ገደማ ነው።