በብሪታንያ የኩላሊት፣ የፊኛና የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና አገር አቀፍ ኦዲት

ኦዲት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ገንዘብና ደረሰኝ ነው። በሕክምና ውስጥ ግን ኦዲት ማለት የተሰጠውን ሕክምና አስቀድሞ ከተቀመጠ መመዘኛ ጋር ማነጻጸር፣ ጉድለቱን ማረምና እንደገና መለካት ነው። ሁለተኛው ልኬት ከቀረ ሥራው ቆጠራ ብቻ ይሆናል።

ብሪታንያ ውስጥ የሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና (ዩሮሎጂ) በሁለት መንገድ ሲመዘን ቆይቷል። አንደኛው የዩሮሎጂ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር (ማኅበሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው) ያቋቋመው መዝገብ ሲሆን፣ የሚሞሉት ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ በ2013 የተጀመረው የፕሮስቴት ካንሰር ኦዲት ይጠቀሳል። ለዚህ ሁሉ ግፊት የሆነው ከዩሮሎጂ ውጭ የደረሰ ጥፋት ነው። በብሪስቶል ከተማ በልብ ቀዶ ሕክምና የሞቱ ሕፃናትን ጉዳይ የመረመረው ቡድን ሪፖርቱን በ2001 ካወጣ በኋላ፣ ውጤትን ለሕዝብ የመግለጽ ጥያቄ እየበረታ ሄደ። በ2013 የእያንዳንዱ ቀዶ ሐኪም ውጤት በስሙ መውጣት ሲጀምር፣ ከዩሮሎጂ ቀድሞ የገባው ኩላሊት የማውጣት ቀዶ ሕክምና ነበር።

አሠራሩን በቅርብ ለማየት ትልልቅ የኩላሊት ጠጠር በጀርባ በኩል የሚወጣበትን ቀዶ ሕክምና እንውሰድ። በመርፌ ኩላሊቱ ድረስ ይዘለቃል፤ ቀዳዳው እስከ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ጠጠሩ ተሰባብሮ ይወጣል። ቅጹ የሚጠይቀው ብዙ ነው፦ ግራ ነው ቀኝ? ጠጠሩ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? መርፌውን ያስገባው ቀዶ ሐኪሙ ነው ወይስ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ? በሽተኛው የተኛው በሆዱ ነው በጀርባው? ደም ተሰጠው? የሽንት ካልቸር (ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተሠርቶ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ለወጉ የገባ አይደለም። ባክቴሪያ ጠጠሩ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ጠጠሩ ሲፈጭ ይለቀቃል፤ ለማጠቢያ የሚገባው ፈሳሽ ግፊቱ ከፍ ካለ ደግሞ ወደ ደም ይገፋዋል።

በ2012 ይፋ በሆነው የ1,028 እንዲህ ያሉ ቀዶ ሕክምናዎች ውጤት ትኩሳት 16 በመቶ፣ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሚያስከትለው ለሕይወት አስጊ የሰውነት መታወክ) 2.4 በመቶ፣ ደም መስጠት 2.5 በመቶ ነበር። ከሁሉም የሚያስተምረው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ቀዶ ሐኪሞቹ ቀዶ ክፍል ውስጥ በራጅ አይተው «ጠጠሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» ያሉት 78 በመቶውን ነው፤ በኋላ በተነሣ ምስል ግን 68 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በቀዶ ክፍሉ ራጅ ደቃቅ ስብርባሪ በቀላሉ ያመልጣል። ማን ቆጠረ፣ መቼ ቆጠረ የሚለው ጥያቄ ውጤቱን በ10 ነጥብ ለወጠው ማለት ነው።

ሐኪሙ ራሱ የሚሞላው መዝገብ ሌላም ድክመት አለው። ነገሩ በተበላሸበት ቀን ቅጽ ለመሙላት ጊዜ አይገኝም፤ ባዶ የቀረ ሣጥንም «ችግር የለም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ከሆስፒታሎች የመኝታ መረጃ ጋር ይመሳከራል። ያኛው መረጃ ሁሉንም ተኝቶ ታካሚ ይይዛል፤ ነገር ግን የጠጠሩን ስፋት አያውቅም፤ የበሽታውንና የሕክምናውን መለያ ኮድ የሚሰጠውም ሠራተኛ የሚያየው የተጻፈለትን ብቻ ነው።

ሆስፒታሎችን ማወዳደርም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዓመት 20 ሰው የሚያክም ሆስፒታል ለአንድ ሰው ደም ቢሰጥ 5 በመቶ ይሆንበታል፤ 200 የሚያክመው ለአምስት ሰዎች ቢሰጥ 2.5 በመቶ ነው። የመጀመሪያው በእጥፍ የባሰ ነው ማለት ግን አይቻልም። በዚህ ምክንያት ውጤቱ የሚቀርበው የቀዶ ሕክምናው ብዛት ሲጨምር በሚጠብ፣ የፈነል (ፈሳሽ ወደ ጠርሙስ መገልበጫ) ቅርጽ ባለው ግራፍ ላይ ነው። ገደቦቹ 95 እና 99.8 በመቶ ናቸው፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ ቢሆን ከሆስፒታሎቹ ያን ያህሉ በውስጣቸው ይገኛሉ። ከውጪኛው ገደብ ያለፈ ሆስፒታል መጀመሪያ መረጃውን እንዲያጣራ ይጠየቃል፤ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከኮድ ወይም ካልተሞላ ቅጽ ይገኛልና። መረጃው ትክክል ከሆነ ጉዳዩ ወደ ሆስፒታሉ ኃላፊና ወደ ተቆጣጣሪው አካል ይሄዳል።

የፕሮስቴት ካንሰር ኦዲት ሐኪሙን ብዙም አይጠይቅም፤ የካንሰር ምዝገባን፣ የሆስፒታል መረጃንና የጨረር ሕክምና መዝገብን ያገናኛል። ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ ተመልሶ የተኛው ስንት ነው? በሁለት ዓመት ውስጥ የሽንት ቧንቧው ጠቦ ሌላ ሕክምና ያስፈለገውስ? አደጋው ዝቅተኛ የሆነ ካንሰር ይዞ ያለ በቂ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር የተሰጠውም ይቆጠራል። ይህን የመሰለ የደኅንነት መለኪያ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በደንብ የተሠራ ግን የማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና በሌላ በየትኛውም መለኪያ ላይ ጉድለት ሆኖ አይታይም።

በፈቃደኝነት ብቻ የሚሞላ መዝገብ ምን እንደሚያመልጠው ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች በተተከለው ሜሽ (የሽንት ቧንቧን የሚደግፍ የፕላስቲክ መረብ) ታይቷል። ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ሴትየዋም ወደ ሌላ ሆስፒታል ትሄዳለች። አጠቃቀሙ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ታገደ፤ በ2020 የወጣው የገለልተኛ ቡድን ሪፖርት ሜሽ የተተከለላቸው ሴቶች ትክክለኛ ቁጥር እንኳ እንደማይታወቅ ገልጾ አስገዳጅ መዝገብ እንዲቋቋም ጠየቀ።

ስቴንት ደግሞ ቀላል የሚመስል ጉዳይ ነው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚዘረጋ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ለስላሳ ቱቦ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ መውጣት አለበት። ከተረሳ ጠጠር ይለብሳል፤ በአሥር ደቂቃ ይወጣ የነበረው ነገር ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። የሚረሳውም በሽተኛው ሆስፒታል ሲቀይር፣ ቀጠሮው ሳይያዝ ሲቀር ወይም ቱቦው እንዳለ ሳይነገረው ሲሸኝ ነው። መዝገቡ የገባበትን ቀን ብቻ ከያዘ ጥቅም የለውም። መውጫ ቀኑ፣ ተጠያቂው ሐኪምና የበሽተኛው ስልክ በአንድ መስመር መጻፍ አለባቸው፤ በየሳምንቱም ቀኑ ያለፈበትን መስመር አይቶ ስልክ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል።