ቫይረስ ምንድን ነው? የልጅ ትኩሳትም የስልክ ብልሽትም በአንድ ስም ሲጠራ

ባለፈው ክረምት ነው። ጅማ መርካቶ አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጥ ጎረቤታችን ልጇን አዝላ፣ ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ የጥገና ሱቃችን በር ላይ ቆመች። ዝናቡ ገና አላባራም።

«ወንድሜ፣ ልጄንም ስልኬንም ቫይረስ ያዘብኝ» አለችኝ።

ልጁ አፍንጫው ይፈሳል፣ ገላው ትኩስ ነው። ጤና ጣቢያ ወስዳው «ቫይረስ ነው፤ ፈሳሽ ስጪው፣ ካልተሻለው ተመለሺ» ብለዋታል። ስልኩ ደግሞ ሳይነኩት ማስታወቂያ ይከፍታል፤ ቻርጁ እኩለ ቀን አይደርስም፤ የገዛችው የኢንተርኔት ጥቅል ሳትጠቀምበት ያልቃል። ስልኩን ተቀብዬ ሳገላብጥ «ለመሆኑ ሁለቱ አንድ ናቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ባዮሎጂ ተምሬ በስልክ ጥገና የምተዳደር ሰው ነኝና ጥያቄዋን እንዲሁ ማለፍ አልሆነልኝም።

ቃሉ የላቲን ነው፤ ትርጉሙም መርዝ። እ.ኤ.አ. በ1892 ኢቫኖቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የታመመ የትንባሆ ቅጠል ጨምቆ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለለው። የተጣራው ጭማቂ ጤነኛውን ተክል ያው አሳመመው። በ1898 ሆላንዳዊው ቤይሪንክ ሙከራውን ደግሞ ሠራና፣ ይህ ከባክቴሪያ የተለየና በሕያው ሴል ውስጥ ብቻ የሚራባ ነገር ነው ብሎ ቫይረስ አለው። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ የኮሮና ቫይረሶች ጎን ለጎን ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት 10,000 ያህል ያስፈልጋሉ።

ቫይረስ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ብቻውን አይባዛም። በፕሮቲን የተጠቀለለ መልእክት ነው ማለት ይቻላል። መልእክቱ የተጻፈው የዘር መረጃ በሚሸከሙት በዲኤንኤ ወይም በአርኤንኤ ነው፤ አንዳንዱ በላዩ የስብ ካባ ይደርባል፤ እንዲህ ያለውን ሳሙና የሚያፈርሰው ካባውን ስለሚያሟሟው ነው።

ለጎረቤቴ ያስረዳኋት በቴሌግራም በሚዞረው መልእክት ነው። «ይህን ለ10 ሰው ላክ፣ ካላከው ክፉ ይደርስብሃል» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጽሑፉ እጅ የለውም፣ እግር የለውም። የሚያባዛው የፈራው ሰው ነው። ቫይረስም ሴላችን ውስጥ ይገባና «እኔን ቅዳ» ይላል፤ ሴሉ የራሱን ሥራ ትቶ በራሱ ጉልበትና በራሱ ንብረት ቅጂውን ያመርታል። በአብዛኛው ሴሉ ሲጎዳ ወይም ሲሞት ቅጂዎቹ ወጥተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

ስሙ ወደ ኮምፒውተር የተሻገረውም በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ ፍሬድ ኮኸን የተባለ ተማሪ፣ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ራሱን የሚቀዳ ፕሮግራም ሠርቶ አሳየ፤ ቫይረስ ይባል ያለው መምህሩ ሊዮናርድ አድልማን ነው። ስልክ ላይ ደግሞ በ2004 ካቢር መጣ። ሲምቢያን በሚባል ሲስተም የሚሠሩ የያኔዎቹን ስልኮች በብሉቱዝ እየዘለለ ይይዝ ነበር። ፋይል አልሰረዘም፣ ገንዘብ አልወሰደም፤ ያለማቋረጥ ሌላ ስልክ በብሉቱዝ ስለሚፈልግ ግን ባትሪ ይጨርሳል። ተቀባዩ «እሺ» ብሎ ካልተጫነ አይገባም ነበር። ይህችን «እሺ» ያዙልኝ።

አሁን ወደ ቤተሰቦቹ። ሳይንቲስቶች ቫይረሶችን በቤተሰብ የሚመድቡት በሚያመጡት ሕመም ሳይሆን በውስጣቸው ባለው መልእክት ዓይነት፣ በቅርጻቸውና በአባዛዛቸው ነው። ስለዚህ እኛ በስም ያራራቅናቸው በሽታዎች ዘመዳሞች ሆነው ይገኛሉ። ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ የዶሮው ፈንግልና የከብቱ ደስታ በሽታ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ቤተሰቡ ፓራሚክሶቪሪዴ ይባላል። ደስታ በሽታ ማለት በክፉ ቀን፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የአገሩን በሬ ፈጅቶ ገበሬውን ያለ ማረሻ ጉልበት ያስቀረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ላይ መጥፋቱ ታወጀ። የቅርብ ዘመዱ ኩፍኝ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ልጆች በ9 እና በ15 ወራቸው የሚከተቡት ለእሱ ነው። ይህን ዝምድና ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ባነበብኩ ቀን አያቴ ስለ ከብት እልቂቱ የምታወራው ሁሉ በአዲስ መልክ ታየኝ።

ስም የሚያሳስትበትም አለ። ቢጫ ወባ «ወባ» ይባል እንጂ ከወባ ጋር ዝምድና የለውም። ወባ በጥገኛ ተውሳክ ይመጣል፤ ቢጫ ወባ የፍላቪቪሪዴ ቤተሰብ ቫይረስ ነው፤ የቤተሰቡም ስም ከላቲኑ ቢጫ የሚል ቃል የተወሰደ ነው። ሁለቱም በትንኝ ይተላለፋሉ፣ ትንኞቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ከእ.ኤ.አ. 1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞና ከአጋሮ ማዶ ባለው በዴዴሳ ሸለቆ፣ 30,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል።

የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ራብዶቪሪዴ ነው፤ የጥይት ቅርጽ አለው። ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ ላይ እየሄደ አንጎል እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል። የመዳኛው ጊዜ ያ ነው፦ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰውን ልጅ በባህል መድኃኒት አቆይተው የሚያመጡ ሰዎችን ስሰማ አንጀቴ ያራል።

የስልኩ ዓለምም ቤተሰብ አለው። የደኅንነት ባለሙያዎች የኮዱን ተመሳሳይነት አይተው ጆከር፣ ትሪያዳ፣ ሂደንአድስ እያሉ ይመድባሉ። ጆከር ሳያሳውቅ በክፍያ አገልግሎት ይመዘግባል፤ ሂደንአድስ ራሱን ደብቆ ማስታወቂያ ይረጫል። ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ በትክክለኛው ትርጉም ቫይረስ አለመሆናቸው ነው። ራሳቸውን ቀድተው ከስልክ ወደ ስልክ አይዘሉም። ጠቃሚ መተግበሪያ መስለው ይመጣሉ፣ «እሺ» ብለን የምናስገባቸው እኛው ነን። ስማቸው ትሮጃን ነው።

ቫይረስ ሁሉን አይይዝም። ወደ ሴል የሚገባው ከበሩ ቁልፍ ጋር ሲገጥም ነው። ፈንግል የዶሮ ቤት ባዶ ያደርጋል፤ ሰውን ግን ቢበዛ ዓይኑን ለጥቂት ቀን ቢያቀላ ነው። ፕሪንት ቤት የሄደ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ሾርትከት ቫይረስም እንዲሁ ነው፦ ፍላሹን ሲከፍተው ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባት ምልክት ተደርድራ ያገኛል። ያ የዊንዶውስ ነው። ሜሞሪ ካርዱን አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ብትከቱት ስልኩን አይነካም፤ ካርዱ ግን ተሸክሞት ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ይወስደዋል፣ ራሷ ሳትታመም ቢጫ ወባን እንደምታመላልስ ትንኝ። የተማሪው ጽሑፍም አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፣ ተደብቋል እንጂ። ስለዚህ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ።

መደበቅን ካነሳን፣ አልማዝ ባለጭራን ብዙ ሰው አንዳች ነፍሳት የለከፈው ይመስለዋል። በልጅነት የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ቤተሰቡ ሄርፐስ። ከዳንን በኋላ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ያደፍጥና አቅም ሲደክም በአንድ ጎን በኩል ይወጣል። ስልክ ላይ ኤክስሄልፐር የሚባለው ይህን ያስታውሰኛል፤ ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ከተመለሰ በኋላ እንኳ ተመልሶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ አገሮች በተሸጡ ርካሽ ስልኮች ላይ እሱና ትሪያዳ ገዢው ሳይነካቸው ተጭነው መገኘታቸው ተዘግቧል። እንዲህ ባለው ጊዜ ጥፋቱን በባለስልኩ ላይ ማላከክ ግፍ ነው።

አንድ ልዩነት አለ። የሕመሙ ቫይረስ የሚለወጠው ሲቀዳ በሚፈጠር ስህተት ነው፤ ከስህተቱ መካከል ለእሱ የጠቀመው ይቀራል። የስልኩን ግን ሰው ነው ቁጭ ብሎ፣ ገንዘብ አስቦ የሚያሻሽለው።

መድኃኒቱም እንደ ስሙ አይደለም። ጎረቤቴ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ልትገዛ አስባ ነበር። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም፤ ያለ ቦታው ሲወሰድ ደግሞ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያበዛል። ጤና ጣቢያው የነገራትን እንድታደርግ፣ ልጁ ትንፋሽ ካጠረው ወይም መጥባት እምቢ ካለ ሳትቆይ እንድትመልሰው ነገርኳት።

ስልኳን አብረን አየን። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ «ስልክዎ በ4 ቫይረስ ተይዟል፣ ለማጽዳት እዚህ ይጫኑ» የሚል መጣ። ይህ ራሱ ማጥመጃ ነው፤ ድረ ገጽ የስልካችሁን ውስጥ አይመረምርም። ሴቲንግ ገብቼ የመተግበሪያዎቹን ዝርዝር ስወርድ መጨረሻ አካባቢ ሥዕልም ስምም የሌለው ባዶ ቦታ አገኘሁ። ስነካው ተከፈተ። ማጥፊያው ደብዝዟል፣ አይጫንም፤ የስልኩ አስተዳዳሪነት ፈቃድ ተሰጥቶታል። ፈቃዱን ስነጥቀው ማጥፊያው ደመቀ። ከሌሎች መተግበሪያዎች በላይ የመታየት ፈቃድም የያዘው እሱ ነበር። የእህቷ ልጅ «ነፃ 10 ጊጋ» የሚል ኤፒኬ (የመተግበሪያ መጫኛ ፋይል) ከቴሌግራም አውርዶ እንደጫነላት ያኔ ትዝ አላት። ፍላሽ ማድረግ፣ ማለትም የስልኩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ መጫን፣ አላስፈለገም፤ የልጇ ፎቶዎችም አልጠፉም።

ስልኳን መልሳ በፌስታል እየጠቀለለች «የአባቴን ቡናስ? ፍሬው ሳይበስል እየጠቆረ ያለው በቫይረስ ነው?» አለችኝ። አይደለም። እሱ ፈንገስ ነው፤ የቡና ፍሬ በሽታ ይሉታል፣ አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 የታየ። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጎድጎድ ያለ ጥቁር ነጥብ አድርጎ ይጀምራል። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እሱን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አውጥቷል፤ 74110 እና 74112 ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት፣ ለአባቷ እንድታደርስ።