ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ምንድን ነው?

በየሰፈሩ «ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ» ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው በየወሩ ለጥበቃ የሚዋጣውን ብርና በወረዳ አዳራሽ የሚጠራውን ረጅም ስብሰባ ነው። በአማርኛ «ማኅበረሰብ አቀፍ የወንጀል መከላከል» የሚባለው ይህ አሠራር ግን ነዋሪው፣ ፖሊሱና የአካባቢው አስተዳደር አንድን የተወሰነ ችግር ለይተው፣ እዚያ ቦታ ላይ ለምን እንደሚደጋገም መርምረው፣ ምክንያቱን የሚያስወግዱበት ዘዴ ነው። መዋጮውም ስብሰባውም ከዚህ በኋላ የሚመጡ መሣሪያዎች ናቸው። በፍቺው ውስጥ ደግሞ ቁልፉ ቃል «የተወሰነ» የሚለው ነው። «ሰፈራችን ሌባ በዝቶበታል» ብሎ መነሳት ለማንም ሥራ አይሰጥም፤ «ከኮንዶሚኒየሙ የኋላ በር እስከ ታክሲ መያዣው ባለው መንገድ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ስልክ ይነጠቃል» ሲባል ግን የሚነካ ነገር ይገኛል።

ሐሳቡን በዚህ መልክ የቀረጸው ሄርማን ጎልድስታይን የተባለ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፖሊስ በየቀኑ በሚደርሱት ጥሪዎች ላይ ከመሯሯጥ ይልቅ ጥሪዎቹን የሚወልደውን ችግር መፍታት አለበት አለ። በ1980ዎቹ ደግሞ በቨርጂኒያዋ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ሐሳቡ በአራት ደረጃ ተሠራበት፤ መለየት፣ መተንተን፣ ምላሽ መስጠት፣ መገምገም። የአራቱ የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ሲገጣጠሙ «ሳራ» ይላሉና አሠልጣኝ ፖሊስ «ሳራን እንከተል» ቢል ሴት እየጠራ አይደለም።

በኛ አገር አሠራሩ ወደ ፖሊስ ተቋማት የገባው በ1990ዎቹ ነው፣ በራሳችን አቆጣጠር። ያረፈው ግን ባዶ መሬት ላይ አይደለም። ቀበሌ የተፈጠረው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ሲሆን፣ ጥቂት ሳይቆይ አብዮት ጥበቃ የሚባል የታጠቀ ክንድ አበጀ። ከዚያ በኋላ የመጣው፣ አምስት ሰው በአንድ መሪ ሥር የሚያደራጀው «አንድ ለአምስት»ም ጎረቤትን በጎረቤት የሚያይ መረብ ተደርጎ ነበር የታየው። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ስብሰባ ላይ ዝም ካሉ ስለ ስርቆቱ ግድ አጥተው ላይሆን ይችላል፤ ጆሮ ጠቢ የማያጣው ስብሰባ ስላዩ ነው። ይህን ሳያስቡ «መረጃ ስጡ» ብሎ መጀመር አዳራሹን ይዘጋዋል። የሚሻለው በጨለመው መንገድ፣ በተከፈተው ጉድጓድና በቆሻሻው መጀመር ነው፤ ስለ መብራት ለመናገር ማንንም መጠቆም አያስፈልግም።

አደረጃጀቱን በአጭሩ። በክልሎች በቀበሌ ደረጃ የሚመደብ የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ባለሙያ አለ፤ ከጎኑም ከዕድር፣ ከሃይማኖት አባቶች፣ ከሴቶች፣ ከወጣቶችና ከነጋዴዎች የተውጣጣ አማካሪ ምክር ቤት ይቋቋማል። በአዲስ አበባ ቀበሌ በወረዳ ስለተተካ አወቃቀሩ ወረዳ፣ ቀጠና፣ ብሎክ እያለ ይወርዳል፤ የሚሠራውም ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ብሎክ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በአንድ ደብተር ነው። ለስድስት ሳምንት ያህል እያንዳንዱ ክስተት ይመዘገባል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ትክክለኛ ቦታው፣ የተወሰደው ወይም የደረሰው ነገር፣ አድራጊው ወደ የት እንደሸሸ። ያልተሳካ ሙከራም ይጻፋል፤ ቦታውን የሚያሳየው እሱም ነውና። ሰዓት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «3 ሰዓት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ መዝገብ ከወር በኋላ ጠዋት ይሁን ማታ የሚያውቀው የለም፤ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚለው ሳይጻፍ መታለፍ የለበትም። የተጠርጣሪ ስም ደግሞ ደብተሩ ላይ አይገባም። «የእገሌ ልጅ ይመስለኛል» የሚል አንድ መስመር ከገባ፣ ደብተሩ ከማስረጃነት ወደ ስም ማጥፊያነት ተቀየረ ማለት ነው፤ ሁለተኛ ማንም አይጽፍበትም። ጥርጣሬ ያለው ሰው ለብቻው ለፖሊስ ይናገር።

ማን ይመዝግብ? ኮሚቴው ብቻ አይደለም። ከኮሚቴው ሊቀ መንበር ይልቅ ጥግ ላይ ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት፣ ሊስትሮውና ባለ ሱቁ ብዙ ያያሉ፤ ቀኑን ሙሉ መንገዱ ላይ ናቸው። አንድ ሰው በየሁለት ቀኑ ዞሮ ከእነሱ እየሰማ ቢጽፍ ይበቃል።

ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ የሰፈሩ መንገድ በእጅ ይሳልና እያንዳንዱ ክስተት በነጥብ ይቀመጣል። ነጥቦቹ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ይከማቻሉ። በተከማቹበት ቦታ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ሌባው፣ ተጠቂውና ቦታው እንዴት ተገናኙ? ሦስቱ ባንድ ጊዜ ካልተገጣጠሙ ስርቆት የለም፤ አንዱን ማንሳት ይበቃል። ሰፈሩ ሁልጊዜ የሚሮጠው ሌባውን ለማንሳት ነው። ይህ ከሦስቱ አስቸጋሪው ነው፤ ቀላሉ ቦታው ነው።

ለማሳያ ያንን የኮንዶሚኒየም መንገድ እንውሰድ። ነጥቦቹ የተከማቹት ታክሲ መያዣው አጠገብ ነው። በምሽት ሲሄዱበት ሦስተኛውና አራተኛው የመብራት ምሰሶ አይበሩም። ተሰላፊው ታክሲ እስኪመጣ ስልኩን አውጥቶ ያያል፤ ፊቱን የሚያበራው ስልኩ ብቻ ስለሆነ ነጣቂው ከሩቅ ይመርጠዋል። ከሰልፉ ጀርባ የግንባታ ቆርቆሮ አጥር ጥግ ሠርቶ ጠባብ መውጫ ትቷል፤ ሸሺው በዚያ ሲገባ ከዓይን ይጠፋል። እዚህ ላይ መፍትሔው ራሱን ይናገራል። ሁለቱ መብራቶች ይጠገኑ፣ ሰልፉ ሱቆቹ ፊት ወዳለው ብርሃን ይዛወር፣ የቆርቆሮው ጥግ ገባ ይደረግ ወይም መውጫው ይዘጋ፣ ፖሊሱም ከ1 እስከ 3 ሰዓት እዚያ ይቁም። አሁን የሰፈሩን የጥበቃ ውል ገልጠን እንይ፤ ዘበኞቹ ሥራ የሚገቡት ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ነዋሪው በየወሩ የሚከፍለው ስልክ ለማይነጠቅበት ሰዓት ነበር ማለት ነው። ይህ ስህተት እጅግ የተለመደ ነው።

የስፖኪዮ ስርቆት ግን ሌላ ባሕርይ አለው። ተጠቂው መኪና ስለሆነ ሰልፍ ማዛወር አይረዳም፤ የታርጋ ቁጥርን ስፖኪዮው መስታወት ላይ ማስቀረጽ ግን ዕቃውን ለገዢ የማይመች ያደርገዋል። የማንሆል ክዳን ስርቆትም እንዲሁ የሚነዳው በገዢው ነው፤ ብረቱ ተመዝኖ ስለሚሸጥ። አንድ ዓይነት ምላሽ ለሁሉም አይሆንም የሚባለው ለዚህ ነው።

የማንን በር ማንኳኳት

ነገሩ ተንትኖ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰፈር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የማንሆል ክዳን ጠፋ እንበል። ከሥሩ ያለው የዝናብ ውኃ ማስወገጃ ከሆነ የመንገዶች ባለሥልጣን፣ የፍሳሽ መስመር ከሆነ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ ገመድ ያለበት ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም ነው ባለቤቱ። ደብዳቤው የተሳሳተ ቤት ከገባ «አይመለከተንም» ተብሎ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ጉድጓዱ ግን ክፍት ነው። ስለዚህ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስቶ ውስጡን ማሳየት ይጠቅማል። የመንገድ መብራትም በአዲስ አበባ የመንገዶች ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ከጨለመ ግን ጉዳዩ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው። መንገድ ዘግቶ የቆመ ንግድና በየቦታው የሚደፋ ቆሻሻ ወደ ደንብ ማስከበር ይሄዳል። ሌሊቱን የሚጮህ ጭፈራ ቤት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትን ይመለከታል፤ በመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው የድምፅ ጣሪያ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በእጅ ስልክ የተለካ ቁጥር ግምት ብቻ ነው፤ አቤቱታ ላይ ሲጻፍ መለኪያ ይዘው እንዲመጡ መጠየቂያ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ድርጊቱ እየተፈጸመ ያለ ወንጀል ከሆነ በአዲስ አበባ 991 ይደወላል።

ደብዳቤው አንድ ችግር ብቻ ይያዝ። መብራት፣ ጫት ቤትና የውኃ መቆራረጥ ባንድ ወረቀት ላይ ከተደረደሩ ለሦስት የሥራ ክፍል ይመራና የማንም አይሆንም። ከደብተሩ የተቀዳ ሠንጠረዥ፣ የምሰሶዎቹ አቀማመጥ፣ የተጠየቀው ሥራና ቀኑ ይጻፍበት። መዝገብ ቤት ሲገባ የገቢ ቁጥርና ማኅተም በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ አስመቱ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ «አልደረሰንም» ለመባል የተመቸ ነው።

የወረዳው ምክር ቤት አባል የሚያስፈልገው እዚህ ነው። አባሉ አምፖል የሚቀይር አስፈጻሚ አይደለም፤ ሥራው አስፈጻሚውን መጠየቅ ነው። «መብራት አስተካክሉልን» ብሎ አባሉን መጨቅጨቅ ትርፉ ቃል መቀበል ብቻ ነው። «በዚህ ቁጥር፣ በዚህ ቀን የገባው ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ በሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባ የጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ሲያቀርብ ይጠየቅልን» ማለት ግን ለአባሉ በእጁ የሚይዘው ነገር ይሰጠዋል። መጀመሪያ አባሉ አሁንም እዚያ እንደሚኖር አረጋግጡ፤ በ2005 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ከተመረጡት ውስጥ ሰፈር የለቀቀ አይጠፋም።

ሮንድና ሕጉ

ነዋሪ በተራ ሮንድ መውጣቱ የቆየ ልማድ ነው። መሣሪያው ባትሪ፣ ፊሽካና የስልክ ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ በየሁለት ሰዓቱ እየተቀያየሩ። ዱላ የያዘና ሞቅ ያለው ሰው ሮንድ ከወጣ ሰፈሩ ሌላ ችግር ጨመረ ማለት ነው።

ሥልጣኑ እስከ የት እንደሆነ ሁሉም ተራ ጠባቂ ሊያውቅ ይገባል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 መሠረት ማንኛውም ሰው ያለ ፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ መያዝ የሚችለው እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ነው፤ ያውም ወንጀሉ ቢያንስ ሦስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን። እጅ ከፍንጅ ማለት ሲሠራ ወይም ሲሞክር የተገኘ፣ ወይም ወዲያው እንደፈጸመ የታየ ነው። «ሌባ! ሌባ!» እየተባለ ሕዝብ ሲያባርረው የተያዘም በአንቀጽ 20 ከዚሁ ይቆጠራል። «ባለፈው ሳምንት የሰረቀው እሱ ነው» ተብሎ ዛሬ ከሱቅ በር ላይ የሚያዝ ሰው ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ የሚደረገው ለፖሊስ መንገር ነው።

የተያዘው ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ ይሰጣል። ብሎክ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማቆየት፣ «እመን» ብሎ መጠየቅ፣ ልብስ ማስወለቅ፣ ቪዲዮ ቀርጾ ማሰራጨት የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። የደቦ ፍርድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከክፋት ሳይሆን «ጣቢያ ቢወሰድ ነገ ይለቀቃል» ከሚል ተስፋ መቁረጥ ነው፤ የሚለቀቀው ግን ብዙ ጊዜ ከሳሽ ሆኖ ጣቢያ የሄደ ሰው ስለሌለ ነው። ስልኩ የተነጠቀበት ሰው ራሱ ሄዶ ቃሉን ይስጥ። የተጻፈው ይነበብለታል፤ ከዚያ ይፈርማል፣ ቀን ይጽፋል፤ ሳይነበብለት አይፈርም። የስልኩን 15 አኃዝ መለያ ይዞ ቢሄድ ስልኩ ሲገኝ የእሱ መሆኑ አያከራክርም፤ መለያው *#06# ሲመታ ይወጣል፣ በካርቶኑም ላይ አለ። ዛሬውኑ ሳይሰረቅ መጻፍ ነው።

አማካሪ ምክር ቤቱ ጠብን በሽምግልና መፍታቱ አንዱ ጥቅሙ ነው፤ የአጥር ክርክር፣ የስድብ፣ የልጆች ጠብ። ችግር የሚመጣው ሽምግልናው ድንበር ሲያልፍ ነው። የሚስት ድብደባና አስገድዶ መድፈር በ«ለቤተሰቡ ክብር» ሰበብ ጓዳ ውስጥ ተሸምግለው ሲቀሩ ታይቷል። እነዚህ የኮሚቴ ጉዳይ አይደሉም። በሌላ በኩል በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ቀላል ወንጀሎች ላይ አቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ ሽማግሌዎቹ «እስቲ ከበዓል በኋላ» እያሉ ሲያራዝሙ ተበዳዩ ይህን ይቁጠር።

መገምገም የሚለው አራተኛው ደረጃ የሚረሳው ነው። መብራቱ ከበራ በኋላ ደብተሩ ለሌላ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል፤ በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። የጎረቤቱ ብሎክ ደብተርም አብሮ መታየት አለበት፤ እዚህ ከ9 ወደ 2 የወረደው ንጥቂያ እዚያ ከ3 ወደ 10 ወጥቶ ከሆነ ሌባው መንገድ ቀይሮ ነው፤ የሚቀጥለው ስብሰባ የሁለቱ ብሎኮች የጋራ ይሆናል።